የ14 ዓመት ልጄ የሚከታተለው የአስፈሪ ጌም ቻናል ለዕድሜው ይስማማል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ ወላጆች። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ14 ዓመት ወንድ ልጄ ከጥቂት ወራት ወዲህ አንድ ወጣት አስፈሪ ጌሞችን እየተጫወተ የሚያሳይበትን የዩቲዩብ ቻናል ሳያይ አያድርም። ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ከሕንፃው ጀርባ ካለው ሜዳ ጅብ ሲጮኽ፣ ይህ ልጅ የሰባት ዓመት እኅቱን እጅ ይዞ ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አየሁት። የጅብ ድምፅ እዚህ ከገባን ጀምሮ የለመደው ነው፤ ከዚያ በፊት ፈርቶት አያውቅም።

እኔም አያ ጅቦንና ጭራቅን እየሰማሁ ስላደግሁ ፍርሃት ሁሉ ልጅን ይጎዳል ብዬ አላምንም። ሆኖም ተረቱን የምትነግረኝ አያቴ ፊቴን እያየች የት ላይ ማቆም እንዳለባት ታውቅ ነበር። ባለቤቴ ቻናሉ ጨርሶ ይከልከል ይላል፤ እኔ ግን ከመከልከሌ በፊት በምን መዝኜ እንደምፈርድ ማወቅ እፈልጋለሁ። ቻናሉ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቋንቋውን ባውቅም የሰውዬውን ፍጥነት መከተል አልቻልኩም።

መልስ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ ለገጣፎ

እኅቴ፣ መጀመሪያ የጌሞቹን ስም ከቪዲዮዎቹ ርእስ ላይ መዝግበው የዕድሜ ደረጃቸውን ይፈልጉ። የአሜሪካው የጌም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ኢኤስአርቢ «ቲ» ያለው ለ13 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ «ኤም» ያለው ደግሞ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ የአውሮፓው ፔጊ 12፣ 16፣ 18 እያለ በቁጥር ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ የሚያስፈራው በአብዛኛው በጨለማ ውስጥ በድንገት ብቅ በሚሉ መካኒካዊ አሻንጉሊቶች ስለሆነ ደረጃው «ቲ» ነው፤ ምንም እንኳ ከጀርባው ያለው ታሪክ ስለተገደሉ ልጆች ቢሆንም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል 7 ግን የሰው እጅ በመጋዝ ሲቆረጥ ሳይቀር በቅርብ የሚያሳይ ሲሆን፣ በኢኤስአርቢ «ኤም»፣ በፔጊ 18 ተሰጥቶታል። ሁለቱም «አስፈሪ ጌም» ተብለው በአንድ ቻናል ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ይሁንና ደረጃው የተሰጠው ለጌሙ እንጂ ለሚጫወተው ሰው አይደለም። የተጫዋቹን አንደበትም ሆነ በላይቭ ጊዜ በጎን የሚወርደውን ቻት ማንም አልመዘነውም። ስለዚህ ቪዲዮውን ራስዎ ማየት ይኖርብዎታል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ ግን አያስፈልግዎትም። ብዙ ሰው ባየው ቪዲዮ ላይ ጣትዎን በማጫወቻው መስመር ላይ ሲያንሸራትቱ ከመስመሩ በላይ ኮረብታ የመሰለ ምልክት ይታያል። ኮረብታው ከፍ የሚልበት ቦታ ተመልካች እየተመለሰ ደጋግሞ ያየው ነው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ቪዲዮ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው አስደንጋጭ ትዕይንት እዚያ ላይ ነው። ለንግግሩ፣ ከቪዲዮው መግለጫ ሥር «ትራንስክሪፕት» የሚለውን ቢከፍቱ ቃል በቃል በጽሑፍ ያገኙታል። ዩቲዩብ በራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስድብን በባዶ ቅንፍ ስለሚተካው፣ እኔ ቅንፎቹን እቆጥራለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅዎ የሚያየው በእርስዎ ስልክና አካውንት ከሆነ ዩቲዩብ የሚያውቀው የእርስዎን ዕድሜ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ የተከለከለው ቪዲዮም ሳይጠየቅ ይከፈትለታል። በራሱ ትክክለኛ የልደት ዓመት አካውንት ይክፈቱለት። ለልጅ የማይሆኑ ቪዲዮዎችን የሚያጣራውን፣ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባለውንም ያብሩት፤ ነገር ግን ብዙ ነገር ስለሚያመልጠው እርሱን ብቻ አይመኑ።

መልስ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ሰበታ

ከላይ የተነገረው ጠቃሚ ነው፤ እኔ ግን ከጌሙ ይልቅ ተጫዋቹን አስቀድማለሁ። ከደነገጠ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያስተውሉ። ስቆ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ይህ ድምፅ ሆን ተብሎ የገባው እንድንዞር ነው» እያለ አሠራሩን የሚያስረዳ ከሆነ፣ ልጁ ፍርሃትን ከውጭ ሆኖ ማየት ይማራል። በተጎዳው ሰው ሥቃይ የሚስቅ፣ ወይም ጌሙን ትቶ ልጆች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው በመስታወት ፊት መንፈስ እንዲጠሩ የሚገፋፋ ከሆነ ግን፣ የጌሙ ደረጃ ምንም ይሁን ምን ቻናሉ ለ14 ዓመት ልጅ አይሆንም። እንዲህ ዓይነት ቪዲዮዎች በእውነት አሉ። የብዙ ቤተሰብ የሃይማኖት ስጋትም የሚነሣው ከዚህ ነውና ንቀን ልናልፈው አይገባም።

ሁለተኛው ሚዛን ልጁ ራሱ ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው እንቅልፍ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ልቡ እየመታ ስልኩን ያስቀመጠ ልጅ ቶሎ አይተኛም። በእኔ ክፍል ርካሹን የሌሊት ጥቅል ጠብቀው የሚያዩ ተማሪዎች አሉ፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዓይናቸውን አይቼ እለያቸዋለሁ። ትንሿ ልጅዎ አጠገቡ ሆና ታይ እንደሆነም ይጠይቁ። ለእርሱ የተፈቀደው ለእርሷ አልተፈቀደም።

መልስ፦ አባት፣ ሱሉልታ

እኔ ከለከልኩ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፕሌይስቴሽን ቤት እየገባ፣ ከእርሱ በብዙ ዓመት ከሚበልጡ ልጆች ጋር ከቀድሞው የባሰውን ሲያይ እንደነበር ያወቅሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳላችሁት የስድስት ቪዲዮዎችን ጽሑፍ ከፍቼ አነበብኩ። በአራቱ ውስጥ ባዶ ቅንፍ ከሁለትና ከሦስት አይበልጥም፤ ሰውዬውም አሠራሩን የሚያብራራ ዓይነት ነው። ሁለቱ የላይቭ ቅጂዎች ግን በቅንፍ የተሞሉ ከመሆናቸውም በላይ፣ በአንደኛው የሚጫወተው ጌም ደረጃው «ኤም» ነበር። ከአባቱ ጋር ተነጋግረን ላይቭ እንዲቀር፣ የቀረውን ቅዳሜና እሑድ በቀን፣ ሳሎን ውስጥ፣ እኅቱ በሌለችበት እንዲያይ ተስማማን። ላይቩ በመቅረቱ አኩርፏል።

ትናንት አንዱን አብሬው አየሁ። ሰውዬው የጨለመውን ኮሪደር አልፎ በሩን ሊከፍት ሲል ልጄ ክንዴን ይዞ «እማዬ፣ አሁን ነው፤ አትደንግጪ» አለኝ።