የብራውን ቡና ማፍያ ሸንተረር፦ ሥራ ነው ወይስ ጌጥ?

ብሎን፦ ትናንት እዚሁ «በጀርመኑ ኩባንያ በብራውን የወጥ ቤት ዕቃ ላይ ያለ ሥራ የተሰመረ አንድ መስመር የለም» ተብሎ ተጻፈ፤ ሁሉም ተስማማ። ኬኤፍ 40ስ? ሃርትቪግ ካልከ እ.ኤ.አ. በ1984 ለብራውን የነደፈው የኤሌክትሪክ ቡና ማፍያ ገላው በቁም ሸንተረር የተሞላ ነው። ሸንተረሩ ውሃ አያፈላ፣ ቡና አያጣራ። ሥራው ምንድን ነው?

ውሃ ልክ፦ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም አልመለስም። ከሱ በፊት የነበረው የፍሎሪያን ዛይፈርት ማፍያ፣ ኬኤፍ 20 (1972)፣ የውሃ መያዣው ከላይ ስለሆነ ሁለት ሬዚስታንስ ይፈልግ ነበር፤ አንዱ ውሃውን ለማፍላት፣ አንዱ የወረደው ቡና እንዳይቀዘቅዝ። ውድ ሆነ። ኬኤፍ 40 ላይ የውሃ መያዣው ወደ ኋላ ወርዶ አንዱ ሬዚስታንስ ሁለቱንም ሠራ። ገላውም ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ፕላስቲክ ወደ ርካሹ ፕላስቲክ፣ ወደ ፖሊፕሮፒሊን፣ ዞረ። ፖሊፕሮፒሊን ቀልጦ በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ (ሞልድ) ውስጥ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2.5 በመቶ ይኮማተራል፤ ፖሊካርቦኔት ከ0.5 እስከ 0.7 ብቻ። ስለዚህ ወፈር ባለበት ቦታ ሁሉ ስርጉድ ይወጣል። ለስላሳ ገጽ ላይ ያስጠላል፤ ሸንተረር ላይ አይታይም።

ብሎን፦ «አይታይም» አልክ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ጉድለት የሚሸፍን ነገር ጌጥ ነው።

ፈርጥ፦ አንዲት ቃል ይዘህ አትሩጥ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለምን ሞገድ አለው? ዝርግ ሉህ በእጅ ይታጠፋል፣ ሞገድ ያለው ሰው ይሸከማል። ስስ ፕላስቲክም እንደዚያው ነው።

ብሎን፦ ቡና ማፍያ ላይ ማን ይወጣል? ይልቅ የዘይት ጭስ በየሸንተረሩ መሀል ሲጋገር በጨርቅ አይለቅም፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይጠይቃል። ለተጠቃሚው ሥራ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ሙቀጫ፦ ስለ ገላ ብቻ ለምን እንከራከራለን? የራይንሆልድ ቫይስ ኬኤስኤም 1 (1967) የቡና መፍጫ ሲያዩት ያምራል፤ ውስጡ ግን የሚሽከረከር ቢላ ነው። ቢላ ይከትፋል እንጂ አይፈጭም፤ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ክክ ይሆናል። ዱቄቱ ቶሎ ይመራል፣ ክኩ ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። የግድ ከሆነ ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልታችሁ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እያቋረጣችሁ፣ በየመሀሉ እየነቀነቃችሁ ፍጩ።

ውሃ ልክ፦ ዲተር ራምስ በ1969 የነደፈው የብራውን መፍጫ፣ ኬኤምኤም 2፣ እኮ በጥርስ ነው የሚፈጨው። እሱን ለምን ዘለልከው?

ሙቀጫ፦ አልዘለልኩም። መልሱ ከነበራቸው ቢላውን ለምን መሸጥ ቀጠሉ?

ፈርጥ፦ ዋጋው ነዋ። የማፍያ እውነተኛ ችግር ታች ነው፤ ውሃ ሲፈላ የሚተወው ነጭ ዝቃጭ፣ ኖራው። ከውሃ መያዣው ሥር ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ በኖራ ሲያዝ የፈላው ውሃ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ መያዣው ይመለሳል። 1 እጅ አቼቶ በ2 እጅ ውሃ ቀላቅላችሁ ግማሹ ሲወርድ አጥፉት፤ 20 ደቂቃ አቆይታችሁ ጨርሱት፤ በንጹሕ ውሃ ሁለቴ አውርዱ። የሙቀት ፊውዙ ከተቃጠለ ደግሞ በሽቦ አታገናኙት፤ ቤት ያቃጥላል።

ውሃ ልክ፦ ይኸው፣ ሸንተረሩ አንድም ጊዜ አልተበላሸም።

ብሎን፦ አይበላሽማ፣ የሚሠራው ነገር የለውም! «አይታይም» ያልከውን መልስልኝ፤ ለማን ነው የማይታየው? ለገዢው አይደለም?

ውሃ ልክ፦ ገዢው በርካሽ አገኘው።

ብሎን፦ ርካሽነቱን ተቀብያለሁ። ርካሽ ፕላስቲክ መሆኑን ግን ሸንተረሩ ደብቆታል።