ታች መኝታ ቤት ወይስ ቤዝመንት? ፕላን እየመረጥን ነው፣ ምከሩን

ከዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከስንት ዓመት ኪራይ በኋላ እኔና ባለቤቴ አዲስ ቤት ልናሠራ ተፈራርመናል። መሠረቱ ገና አልተቆፈረም። ፕላኑ የቢልደሩ፣ ማለትም የቤት ሠሪው ኩባንያ ነው፤ እኛ ከቀረበልን ውስጥ እንመርጣለን። አራቱም መኝታ ቤቶች ፎቅ ላይ ናቸው። ምድር ላይ ሳሎን፣ ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ ክፍት ኩሽና፣ በሩ አጠገብ ደግሞ «ቢሮ» የሚሏት ትንሽ ክፍልና ሻወር የሌለው ሽንት ቤት አለ። ገንዘባችን የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ወይ ቢሮዋን መኝታ ቤት አድርገው ሻወር ይጨምሩልናል፣ ወይ ከምድር ቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ጨርሰው ያስረክቡናል። ባለቤቴ ቤዝመንት ይላል። እኔ እናቴን አስባለሁ፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ስትመጣ ደግሞ ወራት ትቀመጣለች። ለመወሰን ሁለት ሳምንት ቀርቶናል። ፕላኑ ላይ ልብ ያላልነው ነገር ካለም ንገሩን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንኳን ደስ አላችሁ! እኔ ከባልሽ ጋር ነኝ። ክርስትናው፣ ልደቱ፣ ማኅበሩ የት ሊሆን ነው? እኛ ቤት ሰው ሲመጣ ልጆቹ በሙሉ ታች ይወርዳሉ፣ እኛም እናወራለን። ቤዝመንት የሌለው ቤት አሜሪካ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ከአሌክሳንድሪያ፦
እህቴ፣ እኔ የተሳሳትኩትን አትሳሳቺ። ያለቀ ቤዝመንት ብዬ ገዛሁ። አባቴ ሲመጣ ደረጃው ፈተና ሆነበት። «ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል» እያለ አራት ወር ሙሉ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኛ። ገላውን ለመታጠብ ፎቅ ሲወጣ እኔ ከኋላው እንደ ሕፃን ልጅ እጄን ዘርግቼ እከተለዋለሁ። ቤዝመንቱስ? ለፋሲካና ለገና ይሞላል። በቀረው ጊዜ የተጣጠፈ ወንበርና የልጆች አሮጌ ብስክሌት ነው ያለበት።

ደግሞ ቤዝመንት በኋላም ይሠራል። ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) ፈቃድ አውጥተሽ፣ ገንዘብ ሲገኝ። ምድር ላይ ሻወር ለመጨመር ግን ግድግዳ ማፍረስና ቧንቧ ማዞር ነው። ስለዚህ ታቹን መኝታ ቤት ውሰጂ፤ ቤዝመንቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አሁን አስደርጊ። አንደኛ፣ ኮንክሪቱ ሳይፈስ የሽንት ቤትና የሻወር ቧንቧ ከሥር ይቀበር። በኋላ ኮንክሪት መስበር ኪስ ያራግፋል። ሁለተኛ፣ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት። እሳት ቢነሳ ማምለጫ የሌለው ክፍል መኝታ ቤት አይባልም። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ሕግ መስኮቱ ሲከፈት 5.7 ስኩዌር ፊት ይሁን፣ ከወለል ከፍታውም ከ44 ኢንች አይብለጥ ይላል። የካውንቲሽን ጠይቂ።

የእናትሽ ሻወር ገንዳ አይኑረው። የታመመ ጉልበት ገንዳ አይሻገርም። ግድግዳው ሳይዘጋ እጀታ የሚታሰርበት ቦታ ላይ እንጨት ያስገቡልሽ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ግን ካልጠየቅሽ ማንም አያነሳልሽም።

አሁን ወደ ኩሽናው። ክፍት ኩሽና ፓስታ ቀቅሎ ለሚበላ ሰው ጥሩ ነው። እኛ ሽንኩርት አንድ ሰዓት እናቁላላለን፣ በርበሬ እናበስላለን፣ ቅቤ እናነጥራለን። ሽታው ደረጃውን ይዞ ወጥቶ ካፖርትሽ ውስጥ ይገባል፣ ሰኞ ቢሮም አብሮሽ ይሄዳል። ምድጃው ላይ የሚሰቀለው ማይክሮዌቭ ብዙ ጊዜ ጭሱን ስቦ መልሶ ፊትሽ ላይ ነው የሚተፋው። «ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ምድጃው በውጭ ግድግዳ በኩል ከሆነ ቱቦው አጭር ይሆናል። መሃል ላይ ከሆነ ጣጣ ነው።

ምጣዱም ቦታ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። 20 አምፒር ያለው የኩሽና መስመር ቢበዛ 2,400 ዋት ነው የሚችለው፤ ምጣዱ ላይ የውሃ ማፍያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። እኔ እንጀራ በጋገርኩ ቁጥር «ማንም ማይክሮዌቭ እንዳይነካ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ለምጣዱ ብቻ የሚሆን መስመር አስገቢ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሳያ ቤቱ አያታልሽ፤ ዕቃው ሆን ተብሎ ትንንሽ የተመረጠ ነው። እህቴ ቤት ስትገዛ ምድሩን በልኩ መኪና ማቆሚያ ላይ በጠመኔ ሳልነውና ገባንበት። ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ ቆመን አየን። ሳሎኑ ውስጥ ሰው እግሩን ሳያነሳ ሌላ ሰው ማለፍ አይችልም ነበር።

ከዴንቨር፦
የጋራዡ በር ወደ ሰሜን ነው ወይስ ወደ ደቡብ? የኛ ወደ ሰሜን ነው፣ በክረምት ፀሐይ አያገኘውም። ጎረቤት ፊት ለፊት በረዶው በሁለት ቀን ሲቀልጥ እኛ አካፋ ይዘን እንከርማለን። ቡና በከሰል የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ አይሆንም። እነዚህ አዳዲስ ቤቶች አየር አያስገቡም፣ የከሰል ጋዝ ይገድላል። በረንዳ ላይ ካልሆነ በኤሌክትሪክ አፍሉ።

ከዉድብሪጅ፦
እግዜር ይስጥልን። ትናንት ማታ ጠመኔውን ሞከርነው፤ ጎረቤቶች መስኮት ላይ ሆነው ሲያዩን ነበር። ባለቤቴ «ቢሮው» ውስጥ አልጋ ስሎ፣ በአልጋው ዙሪያ ዞሮ፣ «እሺ፣ የእማማ ክፍል ይሁን» አለ። ቤዝመንቱን ቀስ እያልኩ እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ ብሏል። እዚህ የጻፍኩት ምስክር እንድትሆኑኝ ነው። ቧንቧውንና መስኮቱን ጠይቀናል። የጭሱ ቱቦ ግን ለብቻው ያስከፍላል አሉን፣ እያሰብንበት ነው።

ለእናቴ ደውዬ ፕላኑን አንድ በአንድ ነገርኳት። ክፍሏን ሰምታ ዝም አለች። ቀጥላ «ኩሽናው በር የለውም ነው የምትዪኝ? ታዲያ ሽንኩርቱን የት ልታቁላዪ ነው?» አለችኝ።