የመንገድ ዳሩን እሾሃማ አረም ስለመለየት፦ በጋራ ዕቅዱ አንቀጽ አንድ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወስደው መንገድ ዳርና በግንፍሌ ወንዝ አካባቢ የተስፋፋውን አረም ለማስወገድ ለወረዳው የምናቀርበው ዕቅድ ክረምቱ ሳይወጣ መጠናቀቅ ስላለበት፣ «እሾሃማ ተክሎች በሙሉ ይነቀላሉ» በሚለው አንቀጽ አንድ ላይ አስተያየታችሁን እንድትሰጡ እጠይቃለሁ።

የአረንጓዴ ልማት ንዑስ ኮሚቴ አባል፦
አንቀጹ በዚህ መልኩ ማለፍ የለበትም። ከፎቶግራፎቹ እንደተረዳሁት አብዛኛው ተክል ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ዛንቲየም ስፒኖሰም ነው። ከየቅጠሉ መነሻ ሥር በሦስት የተከፈለ ቢጫ እሾህ ያወጣል፤ ጠባቡ ቅጠሉ ከላይ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ መሐል ጅማቱ ይነጣል፣ ከታች ግን ነጭ ጸጉር ለብሷል፤ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆነው ፍሬውም ዙሪያውን መንጠቆ ነው። አበባው ኢምንት ስለሆነ የሱፍ አበባ ዘመድ ነው ቢባል የሚያምን አይገኝም። በአንጻሩ አገር በቀሉ ኮሸሽላ፣ ከዚሁ ቤተሰብ ቢሆንም፣ እሾሁ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ነው፤ አበባውም ድቡልቡል ነው። እሱን አብረን የምንነቅልበት ምክንያት አይታየኝም። ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ የሚያወጣው፣ አበባውም ቢጫ የሆነው አርጌሞን ሜክሲካና ደግሞ መጤ ቢሆንም ቤተሰቡ ሌላ ስለሆነ፣ ለብቻው ቢታይ ይሻላል።

ሰብሳቢ፦
ሐሳቡን እቀበላለሁ፤ ሆኖም ልየታው ሥራውን እንዳያጓትተው እሰጋለሁ። እያንዳንዱ የዛንቲየም ፍሬ ሁለት ዘር ይይዛል፤ ለእንቁጣጣሽ በዚህ መንገድ የሚነዱት በጎች ደግሞ ፍሬውን በጸጉራቸው ተሸክመው ወደ ሌላ ሰፈር ያደርሱታል። ፍሬው ከደረቀ በኋላ መንቀል ዘሩን በገዛ እጃችን እንደመዝራት ይቆጠራል።

የዕጽዋት ሳይንስ ተማሪ አባል፦
ክቡር ሰብሳቢ፣ ብሔራዊው ሄርባሪየም (የደረቁ የዕጽዋት ናሙናዎች ማከማቻ) እዚሁ አራት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ስለሚገኝ ናሙና ማቅረብ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ ዕጽዋት ከተዘጋጁት ጥራዞች ውስጥ የሱፍ አበባን ቤተሰብ የሚመለከተው፣ በጎርጎርዮሳዊው 2004 የታተመው የአራተኛው ጥራዝ ሁለተኛ ክፍል፣ ለማመሳከሪያ ያገለግለናል። ከላይ በተነሡት ፎቶግራፎች የቅጠሉ ጀርባ ስለማይታይ፣ አበባም ፍሬም ያለበት ቅርንጫፍ ተቆርጦ በጋዜጣ መሐል ተጨምቆ እንዲደርቅ፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የተክሉ ቁመትም ተጽፎ እንዲያያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። በተጨማሪም ሁለቱ የዘር ቅጠሎች ብቻ የወጡለት የዛንቲየም ቡቃያ ለከብት መርዛማ ስለሆነ፣ የተነቀለው ለመኖ እንዳይሰጥ በግልጽ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦
እንግዲያው አንቀጽ አንድ እንደሚከተለው ይስተካከላል፦ «ናሙናው በሄርባሪየሙ ባለሙያ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ዛንቲየም ስፒኖሰም ብቻ ፍሬው አረንጓዴ ሳለ ከነሥሩ ይነቀላል፤ የተነቀለውም በጆንያ ታስሮ ይወገዳል እንጂ ለእንስሳት አይሰጥም፤ ኮሸሽላ አይነካም።» የቆዳ ጓንት ግዢ በበጀቱ ክፍል ይጨመራል። ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ዓርብ ድረስ በጽሑፍ ያሳውቅ።