ወንድሜ ከዱባይ ፓወር ስቴሽን ሊያመጣልኝ ነው፤ ለፍሪጅና ለላፕቶፕ ስንቱን ልበለው?

ሽምብጥ_ዳር፦

እንዴት አመሻችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው፤ ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር። ሥራዬ የነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ነው፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በላፕቶፕ። ባለፈው የአንዱን ደንበኛዬን መዝገብ ልዘጋ ጥቂት መስመር ሲቀረኝ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ እሱም ይከተላል። መጀመሪያ የፍሪጁ ሞተር ተንገጫግጮ ሲቆም ይሰማኛል፣ ቀጥሎ እማዬ ከጓዳ «ሄደች?» ትላለች። መብራትን እንደ አኩራፊ ምራት ነው የምታያት፦ ሄደች፣ መጣች፣ ደግሞ ሄደች።

ከደጄ ትንሽ ወረድ ብል ጣና ነው። ይኸው ውኃ ወደ በለስ ወርዶ የ460 ሜጋዋት ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ እኔ እዚህ ሻማ እቆጥራለሁ። ይሁን፣ ለማማረር አይደለም የመጣሁት።

ዱባይ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ በቅርቡ ይመጣል። «ፓወር ስቴሽን በሻንጣ ይዤልሽ ልምጣ» ብሎ ፎቶ ልኮልኛል (የቤት ዕቃ የሚሰካበት ተንቀሳቃሽ ትልቅ ባትሪ ነው)፤ 1024 ዋት ሰዓት፣ 1000 ዋት ይላል። ማስነሳት የምፈልገው ፍሪጁን (እማዬ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗ እዚያ ነው)፣ ላፕቶፔን፣ ዋይፋዩን፣ 3 አምፖል፣ ከተቻለም ምጣዱን ነው። ጄኔሬተር አትበሉኝ፤ የጎረቤታችን ሲነሳ የእኛ ብርጭቆ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ለቤንዚን የምሰለፍበት ጊዜም የለኝም። ይበቃኛል ወይስ ከፍ ያለውን ልበለው?

የቆየ_ሽቦ፦

እኅቴ፣ ምጣዱን ከዝርዝሩ አውጪው። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው የሚስበው፤ 1000 ዋት የሚችል ዕቃ ገና ስትሰኪው ራሱን ያጠፋል። ዋት አህያዋ ምን ያህል ትሸከማለች የሚለው ነው፤ ዋት ሰዓት ደግሞ የቋጠርሽላት ገለባ ምን ያህል ያስኬዳታል የሚለው። ሁለቱን ሻጮቹም ያምታቱታል። ትልቁን ብትገዢ እንኳ የአንድ ቀን ጋገራ እንደ ሊጡ ብዛት 3 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚበላ ባትሪውን ለእንጀራ ገዛሽው ማለት ነው።

ለፍሪጁ ከጀርባው የተለጠፈውን ቁጥር አትመኚ። ሞተሩ ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ከዚያ ይረጋጋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይቆማል። ስለዚህ ለኪው። ማታ ስትተኙ ከፍሪጁ በቀር ሁሉንም ከሶኬት ንቀዪ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎዋት ሰዓት ጻፊ፣ ጠዋት ማንም ምንም ሳይሰካ እንደገና ጻፊ። ልዩነቱን ለሰዓቱ አካፍዪ። 26 ዓመት የቤት ሽቦ ስዘረጋ ሰው ዕቃ ከገዛ በኋላ ሲለካ እንጂ ለክቶ ሲገዛ አይቼ አላውቅም፤ አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽና ቀድመሽ ለኪ።

የውኃውን ነገር ደግሞ ተይው። እኛ ሰፈር የሚያጠፋው ምሰሶውና ከአቅሙ በላይ የተጫነው ትራንስፎርመር ነው።

ዘጌ_ማዶ፦

እትዬ፣ ወንድምዎ ሻንጣውን ሳይዘጋ ይደውሉለት! በመንገደኛ አውሮፕላን ላይ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለ ባትሪ በእጅ ይያዛል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱ ከፈቀደ ነው፤ ከ160 በላይ ያለው በእጅም በሻንጣም አይገባም። 1024 ማለት ስድስት እጥፍ ነው። የአጎቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ገዝቶ ሚዛኑ ላይ ከደረሰ በኋላ ለሸኘው ጓደኛው አስታቅፎት መጣ። እስካሁን ጓደኛው ቤት ቡና ጠረጴዛ ሆኖ ያገለግላል አሉ። በካርጎ ይላካል፣ ግን አደገኛ ዕቃ ተብሎ በሥርዓቱ ታሽጎ ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኔ ልላክ» ካለዎትም የዚያኛው 120 ቮልት ነው የሚያወጣው፤ የኛ ዕቃ 220 ነው።

እዚሁ ከገዙ ሚዛን ይዘው ይሂዱ፤ ቀልዴን አይደለም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ያለው የ1 ኪሎዋት ሰዓት ዕቃ 12 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1000 ተብሎ ተጽፎበት በአንድ እጅ እንደ ዘንቢል የሚንጠለጠል ከሆነ ውስጡ ባዶ ነው። ይህ ዓይነቱ ባትሪ 3000 ጊዜና ከዚያ በላይ ሞልቶ ተራግፎ ገና 80 በመቶ አቅሙ ይቀረዋል፤ ሌላው ሊቲየም ቶሎ ይደክማል። የባትሪውን ኃይል ወደ 220 የሚለውጠው ክፍል፣ ኢንቨርተሩም፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት የተስተካከለ ሞገድ የሚያወጣ) ይሁን፣ ያለዚያ የፍሪጅ ሞተር እያቃሰተ ይግላል።

እኔ ከሁለት ዓመት በላይ በሶላር እየሞላሁ ነው የምጠቀመው። ዘጌን የሚያውቅ ያውቃታል፣ ቡናው ከዛፍ ሥር፣ እኛም ከዛፍ ሥር። መጀመሪያ ፓኔሉን ጣሪያው ላይ አሰርኩትና ከሰዓት በኋላ የአንድ ዋርካ ቅርንጫፍ ጥላ ጥጉ ላይ ሲያርፍ 150 ዋት የነበረው 40 ሆነ። የተጋረደው ጥጉ ብቻ ነው፣ የወረደው ግን ሁሉም። አሁን ውኃው ዳር፣ ጀልባ ከሚታሰርበት ጎን ተክዬው 200 ዋቱ ፓኔል በበጋ በቀን 900 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጠኛል። ሐምሌና ነሐሴ ግማሹንም አላገኝ። ጎረቤቴ 3 ፓኔል በተከታታይ ቀጥሎ ከ60 ቮልት በላይ በማይቀበለው ዕቃ ላይ 66 ለቀቀበትና መግቢያውን አቃጠለው፤ የሚቀጥሉ ከሆነ ከመግቢያው ጎን የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ።

የሌሊት_ተረኛ፦

ስለ ኢንሱሊኑ ልናገር፣ ሥራዬ ስለሆነ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤቱ አጠገብ ግን አታድርጊው፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተው ብልቃጥ እንደ ዓይነቱ ከ30 ዲግሪ በታች 4 ሳምንት ያህል ውጭ መቆየት ይችላል፤ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚለውን ተከተይ። በሩ ያልተከፈተ ፍሪጅ ደግሞ መብራት ከሄደ በኋላ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት መጥፋት ፍሪጁን ከባትሪው ላይ ማስነሳትም ላያስፈልግሽ ይችላል። ልጆቹ ውኃ ፍለጋ በሩን እየከፈቱ እንዳይቆሙ ማድረግ ይበልጣል።

መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ሲብስ የኔ እናት ትንሹን የሸክላ ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አስቀምጣ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ ትሞላዋለች። አየሩ ደረቅ ሲሆን በደንብ ያቀዘቅዛል፤ በክረምት ግን አይሠራም።

ሽምብጥ_ዳር፦

እግዜር ይስጣችሁ። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ገና አልከፈለም ነበር፤ ተመስገን።

ትናንት ለካሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ሁሉን ነቀልኩ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አነበብኩ። እማዬ ለጸሎት ስትነሳ መብራቱን እንዳታበራው በሩ ላይ በርጩማ ደቅኜ ነበር፤ በርጩማው መታት፣ እስካሁን እያስታወሰችኝ ነው። 8 ሰዓት ውስጥ 0.32 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም በአማካይ 40 ዋት። ቀን በሩ ስለሚከፈት 50 ብዬ ያዝኩት።

እንግዲህ ሒሳቤን እዩልኝ። ከ1024ቱ ኢንቨርተሩ ሲለውጥ የሚጠፋውን ቀንሼ 870 አልኩ። ኢንቨርተሩ ራሱ በርቶ ሲቆይ ወደ 15 ዋት ከበላ፣ ከፍሪጁ ጋር 65። ላፕቶፕ 50፣ ዋይፋይ 10፣ አምፖሎቹ 27፤ እነዚህን ለ4 ሰዓት ብሠራባቸው 348። የሚተርፈው 522 ለፍሪጁ ሲካፈል 8 ሰዓት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ቢሄድ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፤ ከዚያ፣ የሌሊት ተረኛ፣ እንዳልሽው 4 ሰዓት ተዘግቶ ቢቆይ ጠዋት 1 ሰዓት ደረስን። ትልቁን መግዛት አያስፈልገኝም ማለት ነው።

ጋሼ የቆየ ሽቦ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አንድ ልጅ «ሁለቱም ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርቼልሽ ከግድግዳው ሶኬት ብትሰኪው የቤቱ አምፖል ሁሉ ይበራል» አለኝ። እውነት ነው?

የቆየ_ሽቦ፦

ይበራል። ሰውም ይገድላል። ልጁን ገመዱን ቆርጦ እንዲጥለው ንገሪው።

ዋናው ብሬከር ካልወረደ ከቤትሽ የሚወጣው 220 ቮልት ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ሺዎች ያወጣዋል። ሰውየው መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ ነው። እኔ ምሰሶ ላይ ሳለሁ ከአንድ ቤት ጄኔሬተር የመጣ መትቶኛል፤ ቀበቶዬ ባይዘኝ ዛሬ አልጽፍልሽም ነበር። ግራ እጄ ቀለበት ጣት አይታጠፍም። ብሬከሩን አወርዳለሁ ብትዪም አንድ ቀን ትረሺዋለሽ፣ ወይም ልጆችሽ አያውቁም። ዲቫይደር ከዕቃው ላይ ሰክተሽ አምፖል፣ ላፕቶፕና ፍሪጅ በቀጥታ ከዚያ ይነሱ።

ሒሳብሽ ትክክል ነው። ሌላ አንድ ነገር፦ ዕቃውን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ትተሽ ፍሪጁን በሱ በኩል ልታስነሺ ካሰብሽ፣ መብራት ባለ ጊዜ የሚያልፈው ያው የመስመሩ ቮልት ነው። ቮልቱ ሲወጣና ሲወርድ ዕቃውንም ፍሪጁንም ያገኛል። ስታብላይዘሩ ከግድግዳውና ከዕቃው መካከል ይሁን፤ ብዙ ሰው ከፍሪጁ ጋር ያደርገዋል። መብራት ሲመለስም 5 ደቂቃ ታግሰሽ ስኪ።

ሽምብጥ_ዳር፦

ለጠየቃችሁኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ። እዚሁ ከተማ ገዛሁ። ሱቁ ውስጥ የእማዬን የበርበሬ ሚዛን ሳወጣ ባለሱቁ ሳቀ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ዕቃ ራሱ መለሰውና ሌላ አወጣ። 12 ኪሎ ከ300 ግራም።

ሒሳቤ በአንድ ሰዓት ገደማ ስቷል፤ ከሌሊቱ 8 ላይ ያልቅብኛል፣ ላፕቶፑ ከገመትኩት በላይ ይበላል። ባትሪውን ቀስ ብሎ እንዲሞላ አድርጌዋለሁ፣ መብራት 3 ሰዓት ከቆየች ይሞላል። ያልጠበቅሁት ትንኙን ነው። ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ሁሉ ብርሃኑን አይቶ የፋኑ መተንፈሻ ላይ ይለጠፋል፤ በየሳምንቱ በጥርስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

አሁን መብራት ሲሄድ ፍሪጁ አይቆምም፣ ስለዚህ እማዬ አታውቅም። መስኮቱን ከፍታ የጎረቤት ቤት ካላየች በቀር። ጎረቤቶች ግን አውቀዋል፣ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስልክ ወደ 20 ዋት ሰዓት ነው የሚወስደው፣ ይምጡ፣ ቡናም አለ። ካውያ ይዛ የመጣችውን መለስኳት።