የጋራ ላፕቶፕ ግዢ፦ አንቀጽ 2ን አብረን እናስተካክል

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለቢሮም ለመንገድም የሚሆን ላፕቶፕ በጋራ ለመግዛት ያዘጋጀነው ረቂቅ ቦርዱ ጋ ከመድረሱ በፊት እዚሁ እንጨርሰው። አንቀጽ 2 አሁን እንዲህ ይላል፦ «በጣም ቀላልና ቀጭን፣ ባለ 14 ኢንች ስክሪን፣ 16 ጊጋባይት ራም ያለው»። የጎደለውን ጻፉ። ያልተስማማችሁበትንም በግልጽ ንገሩን።

የመስክ ሥራ አባል፦ «በጣም ቀላልና ቀጭን» የሚለው ይውጣልኝ። ቀጭን ማሽን ይዤ ብዙ ተጉዣለሁ። ቦርሳዬ ግን አልቀለለም። ለፕሮጀክተሩ አንድ ማገናኛ፣ ለፍላሹ ሌላ፣ ከዚያ ላይ ቻርጀር። አንድ ቀን ማገናኛውን ያደርኩበት ክፍል ረስቼው ስልጠናውን ያለ ስላይድ ሰጠሁ። ሰው ያን ያህል መንገድ መጥቶ እንደዚያ መሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል። ኤችዲኤምአይ (የፕሮጀክተሩ ገመድ የሚሰካበት) እና መደበኛው የዩኤስቢ መሰኪያ ማሽኑ ላይ ይኑሩ። ክብደቱም ከነቻርጀሩ ይመዘን።

የአይቲ አባል፦ ልክ ነህ። እኔ ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በመንገድ ላይ የሚያስጨንቀን እሱ ነው። ማስታወቂያ ላይ «20 ሰዓት» የሚባለው ብዙ ጊዜ የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ተደርጎ፣ ቪዲዮ ብቻ እየታየ የተለካ ነው። የእኛ ቀን እንደዚያ አይደለም። የቪዲዮ ስብሰባ አለ፤ ካሜራው፣ ማይኩና ዋይፋዩ አብረው ይበላሉ። ስለዚህ ዋት-ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን የኃይል መጠን፣ እንይ። የባትሪውን ቮልት በአምፒር-ሰዓቱ ማባዛት ነው። 15.4 ቮልትና 3.7 አምፒር-ሰዓት ከሆነ ወደ 57 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ማሽኑ 10 ዋት እየበላ ከአምስት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳል። ስብሰባ ላይ 19 ዋት ከበላ ግን 3 ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ለበረራም ያስፈልገናል። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ድረስ በአጠቃላይ የአየር መንገዱ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከ100 እስከ 160 ያለው ግን ማስፈቀድ አለበት። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም።

ቻርጁ በዩኤስቢ ሲ ይሁን። አንድ ባለ 65 ዋት ቻርጀር ለላፕቶፑም ለስልኩም ይበቃል። «100–240 ቮልት» የሚል ከተጻፈበት፣ አገር ስንቀይር የሶኬት መቀየሪያ ብቻ እንይዛለን።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆች፣ እኔን የሚያሳስበኝ ራሙ፣ ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ነው። ማዘርቦርዱ (ዋናው የማሽኑ ሰሌዳ) ላይ የተበየደ ከሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም ተብያለሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ 16 ቢያንሰን ሙሉ ማሽን ልንቀይር ነው? ደግሞ ያገለገለ ብንገዛስ የሚሉ አባላት አሉ።

የአይቲ አባል፦ ጋሼ፣ ትክክል ነው። ወይ ራሙ የሚጨመርበት ይሁን፣ ወይ ከመጀመሪያው 32 እንግዛ። ያገለገለው አያስከፋም፤ ዕድሜው ግን ይታይ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው አይቀበልም። ዲስኩም የሚመሰጠር፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃል የማይነበብ፣ ይሁን። ላፕቶፕ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ የአባላት መረጃ ግን አብሮ መውጣት የለበትም።

የጽሕፈት ሥራ አባል፦ እኔ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ነው የምውለው። ኪቦርዱን ግን ማንም አላነሳውም! ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነካክቶ አይታወቅም። ሁለት ናሙና ተውሰን ለአንድ አንድ ሳምንት እንሥራባቸው። የሚያብረቀርቅ ስክሪንም መስኮት አጠገብ ፊታችንን ነው የሚያሳየን፤ የማያንጸባርቀው ይሻላል።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ አንቀጽ 2 እንዲህ ቢሆንስ? «ከነቻርጀሩ ከ2 ኪሎ የማይበልጥ፣ ባለ 14 ኢንች የማያንጸባርቅ ስክሪን፣ ከ50 እስከ 100 ዋት-ሰዓት ባትሪ፣ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ፣ ኤችዲኤምአይ ያለው፣ ራሙ ሊጨመር የሚችል ወይም 32 ጊጋባይት የሆነ፣ ዲስኩ የተመሰጠረ። ከግዢ በፊት አባላት ሁለት ናሙና ለአንድ አንድ ሳምንት ይሞክራሉ።»

የመስክ ሥራ አባል፦ ተስማምቻለሁ። አንዱን ናሙና ለሚቀጥለው ጉዞዬ ስጡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት፦ ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭም የሚሠራ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አስተባባሪ፦ ገብቷል፣ ጋሼ። የናሙናውን ጥያቄ ነገ እልካለሁ።