«ሽሮውን ጨምሩ» ማለት ከስንት ወደ ስንት ነው?

የከዚራ ዛፍ፦
ቅዳሜ አባቴን ይዤ ለስኳር ሕሙማን ምክር ወደሚሰጥበት አዳራሽ ሄጄ ነበር። በድሬዳዋ ሙቀት ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠን ይዘነው የወጣነው ይህን ነው፦ «ጾመኞች እንጀራውን ቀንሱ፣ ሽሮውን ጨምሩ። ሽሮ የድሀ ሥጋ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴም አጨበጨበ። ማታ ቤት ገብቶ እንጀራውን በግማሽ አጠፈና ሽሮውን በማንኪያ ይጠጣው ጀመር። ሦስት ጭልፋ! ሽሮ ከምን እንደሚፈጭ የረሳ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ዝም ይባላል? ከ100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ቢሆን፣ 60 ያህሉ ያው ደም ውስጥ ስኳር ይሆናል ብለን የምንሸሸው ካርቦሃይድሬት ነው። ሌባውን በፊት ለፊት በር አስወጥቶ በጓሮ ማስገባት ነው።

የገንደቆሬ ልጅ፦
አያቶቻችን 55 ቀን በሽሮ ጾመው ድንጋይ ተሸክመዋል። አሁን ሽሮ ሌባ ሆነ። ቆይ፣ ከሽሮ ምን ቀረን?

የከዚራ ዛፍ፦
አያትህ ድንጋይ ይሸከም ነበር። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። እኔ ሽሮን አልሰደብኩም፤ «ጨምሩ» የሚለውን ነው የጠየቅኩት። ከስንት ወደ ስንት?

ነርስ ከሳቢያን፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ስሌትህ ጎዶሎ ነው። ካርቦሃይድሬት ሁሉ ደም ውስጥ እኩል አይሮጥም። የሽምብራና የአተር ቀስ ብሎ ነው የሚፈጨው፣ ሆድ የማይፈጨው አሰርም አለው። ነጭ ዳቦና ሽሮን በአንድ ዓይን ማየት ትክክል አይደለም። ተናጋሪው ያን ማለቱ ይሆናል።

የከዚራ ዛፍ፦
«ያን ማለቱ ይሆናል» አይበቃኝም። ያለው «ጨምሩ» ነው። ዛሬ የእናቴን ሽሮ መዘንኩት። ቤታችን ሚዛን ስለሌለ ለአንድ ሰው የምትለየውን ዱቄት በላስቲክ ቋጥሬ መጋላ ወዳለ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድኩት። ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሳህኗን በጨርቅ ጠርጎ አስቀመጠልኝ። 42 ግራም። ይህ ማለት 8 ግራም ያህል ፕሮቲንና 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። አባቴ 70 ኪሎ ነው። ለጤነኛ አዋቂ በቀን በኪሎ 0.8 ግራም ፕሮቲን ከተባለ 56 ግራም ያስፈልገዋል። በሽሮ ብቻ ከሆነ ሰባት ሰሃን በቀን፤ ከ56 ግራም ፕሮቲን ጋር 175 ግራም ካርቦሃይድሬት ሊውጥ ነው። አንዲት እንጀራ ሳይነካ!

የገንደቆሬ ልጅ፦
ሽሮ በወርቅ ሚዛን! ይህን ሳላይ አለመሞቴ ጥሩ ነው። ስንት ካራት ሆነ?

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ አትሳቅ። በአሁኑ የአተር ዋጋ ሽሮ በወርቅ ሚዛን ቢመዘን ያምርበታል። እኔን ያናደደኝ ሌላው ቃል ነው፤ «የድሀ ሥጋ»። የትኛው ድሀ ነው ሽምብራና አተር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ገዝቶ ሽሮ የሚያበዛው? የድሀው ሽሮ እኮ ውኃው ነው የሚበዛው። እሱስ ፕሮቲን አለው?

የከዚራ ዛፍ፦
አባባ፣ እጅዎን ልሳም። በትክክል እሱን ነው የምለው።

ሥጋ የማትበላዋ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር አደባልቃችኋል፤ ያ መድረክ ላይ የወጣው ሰውም እንደዚሁ። ጾመኛ ሌላ ነው፣ ሥጋ የማይበላ ሌላ ነው። እኔ ሥጋ ከተውኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ፣ ጾመኛ ግን አይደለሁም። ስኳርና ዱቄት ቀንሼ እኖራለሁ፣ ፕሮቲንም አልጎደለኝም። ጠዋት ሦስት እንቁላል፣ 18 ግራም፤ ካርቦሃይድሬቱ ከቁጥር አይገባም። ምሳ አይብ በጎመን፤ 100 ግራም አይብ 15 ግራም ገደማ ይሰጠኛል። ማታ እርጎና አንድ እፍኝ ለውዝ። አለቀ። ወርቅ ቤት መሄድ አላስፈለገኝም።

የገንደቆሬ ልጅ፦
እህቴ፣ እንቁላልና አይብ እየበላሽ «ሥጋ አልበላም» ማለት፣ ባሕር ዳርቻ ቆሞ ዋኘሁ እንደማለት ነው።

ሥጋ የማትበላዋ፦
አልዋኘሁም አልኩህ እንጂ መቼ ዋኘሁ አልኩ? የምለው ይህ ነው፦ እንቁላልና ወተት ላለው ሰው ቀላል ነው፣ ለጾመኛ ግን ከባድ ነው። ከባድ የሆነውን «የድሀ ሥጋ» ብሎ በአንድ ቃል መሸፈን ነው ያበሳጨኝ።

የጁገል ሰው፦
ለውዝ ሲነሳ ልግባ። የለውዝ አገር ባቢሌ እያለችላችሁ ስለ ሽሮ ትጨቃጨቃላችሁ? 100 ግራም ለውዝ 25 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ካርቦሃይድሬቱ 16፣ ከዚያም ግማሹ አሰር ነው። የሐረር ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ባቢሌ ከመቼ ወዲህ ነው የሐረር የሆነችው?

የጁገል ሰው፦
በጅጅጋ መንገድ ከሐረር 35 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ከእናንተ እኛን አልፎ ነው የሚደረሰው። ለውዙም ወደ እናንተ ሲወርድ በእኛ በኩል ነው፤ በሉና አመስግኑ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ያልፋል እንጂ አይበቅልም። በከተማችን ባቡር አለፈ ብለን ባቡር ሠራን አላልንም።

ጡረተኛው፦
በባቡሩ አትምጣብኝ! 31 ዓመት አገልግዬበታለሁ። ለመሆኑ የለውዙ ነገር እውነት ነው። አይሻ ጣቢያ ላይ ስናድር የሚገኘው የፍየል ሥጋና የግመል ወተት ብቻ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ለምንጾመው ለውዝና ተምር በከረጢት ይዘን ነበር የምንሳፈር። ተምሩን ዛሬ ሐኪም ከልክሎኛል፤ ስኳር ከያዘኝ 12 ዓመት ሆነኝ። ለውዙ አለ። ግን የባቡሩ ዘመን ለውዝ በጣሳ ሙሉ ነበር። የዛሬዋ ሻጭ አውራ ጣቷን ጣሳው ውስጥ ከትታ ነው የምትሰፍርልኝ። የጣቷን ዋጋም እኔ ነኝ የምከፍል።

የከዚራ ዛፍ፦
አባባ፣ የለውዝን ነገርም ልመዝነው። 30 ግራም እፍኝ 7 ግራም ተኩል ፕሮቲን ይሰጣል። ጥሩ። ግን 170 ካሎሪ አለው። 56 ግራም በለውዝ ብቻ ልሙላ ካሉ ወደ 1,300 ካሎሪ ይሆናል። የስኳሩን ሸሽተን ወደ ውፍረት።

ነርስ ከሳቢያን፦
«ብቻ፣ ብቻ» የምትለውን ተውልኝ። በሽሮ ብቻ፣ በለውዝ ብቻ የሚኖር ማን ነው? ምግብ ይደባለቃል። ለውዝ ሲገዛ ግን የሻገተና የተጨማደደ ፍሬ ይለቀም፤ በእርጥበት የተከማቸ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ያፈራል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ጉበት የሚጎዳ ነገር ነው።

የጁገል ሰው፦
የእኛ ለውዝ አይሻግትም።

ነርስ ከሳቢያን፦
ሻጋታ የትውልድ ቦታ አይጠይቅም ወንድሜ።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። አንድ ነገር ሁላችሁም ዘለላችሁት። እንጀራን ቀንሱ ሲባል የሚቀነሰው ካርቦሃይድሬት ብቻ መስሏችኋል። 300 ግራም የምትመዝን አንዲት የጤፍ እንጀራ ካርቦሃይድሬቷ ወደ 100 ግራም ነው፣ እሺ። ነገር ግን ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን አላት። የከዚራው ወንድማችን ከመዘነው ሽሮ ትበልጣለች! ስለዚህ አባትህ እንጀራውን በግማሽ ሲያጥፍ ፕሮቲኑንም በግማሽ አጥፎታል። ደግሞ ጥምረቱ አለ፦ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ነገሮች እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። እንጀራ በሽሮ የተጋባው በከንቱ አይደለም።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ይኸው! ሳይንሱ ራሱ መሰከረ። እንጀራ በሽሮ። አያቴ ይህን ከሰማች እልል ትላለች።

የከዚራ ዛፍ፦
አያትህን አታስቸኩላት። መምህሩ የተናገሩት የእኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። ፕሮቲኑ ከእንጀራም ከሽሮም የሚመጣው ካርቦሃይድሬቱን አዝሎ ከሆነ፣ ጾመኛ አንዱን ሳይጨምር ሌላውን መጨመር አይችልም ማለት ነው። «ጨምሩ» የሚለው ቃል አሁንም ባዶ ነው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ይችላል፤ ግን ከሽሮ ወጣ ማለት አለበት። የዱባ ፍሬ፦ በ100 ግራም 30 ግራም ፕሮቲን፣ ካርቦሃይድሬቱ 11። እኛ ዱባውን ቀቅለን ፍሬውን ለዶሮ እንደፋለን። አኩሪ አተር፦ ደረቁ 36 ግራም ፕሮቲን። ተልባ፦ ፕሮቲኑ 18፣ ካርቦሃይድሬቱ ደግሞ ሁሉም ለማለት በሚቻል ሁኔታ አሰር። ግብጦ አለ፣ የጎጃሞቹ፤ እንደ አኩሪ አተር ነው፣ ግን መራራውን ለማስወገድ ቀናት ይዘፈዘፋል። በእኛ ሙቀትና በእኛ የውኃ እጥረት ቀናት መዘፍዘፍ… እሱን ልተወው።

ለገሀሬ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓሣስ?

ሥጋ የማትበላዋ፦
ዓሣ መሬት ላይ የሚበቅለው የት ነው?

የገንደቆሬ ልጅ፦
በጾም ዓሣ አይበላም።

ለገሀሬ፦
ይበላል የሚሉም አሉ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች…

የገንደቆሬ ልጅ፦
የምታውቃቸውን ሰዎች ለንስሐ አባታቸው ተውላቸው።

ጡረተኛው፦
ይህን በር አትክፈቱት ልጆች። በ31 ዓመት ባቡር ላይ ያልተዘጋ ክርክር ነው።

የጁገል ሰው፦
የግመል ወተትስ ለምን ተረሳ? ለጾመኛው ሳይሆን ለእህታችን ነው የምለው። ለስኳር መድኃኒት ነው።

ነርስ ከሳቢያን፦
መድኃኒት አትበለው፣ እባክህ። ወተት ነው። አንድ ብርጭቆ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የወተት ስኳሩ ደግሞ ከ10 ግራም አያንስም። «መድኃኒት ነው» ተብሎ ክኒኑን የተወ ሰው በእጄ ተቀብያለሁ። አሁን ደግሞ የዚህ ክርክር አንባቢ እንጀራውን ጥሎ የስኳር ክኒኑን ግሊቤንክላማይድን ወይም ኢንሱሊኑን እንደ ቀድሞው እንዳይወስድ እፈራለሁ። ምግቡ ቀንሶ መድኃኒቱ ካልተስተካከለ ስኳሩ ይወርድና ሰው መንገድ ላይ ይወድቃል። ኩላሊቱ የተጎዳም ፕሮቲን እንደፈለገ አይጨምርም። እኔ የዚያ አዳራሽ ተናጋሪ ላይ ቅሬታ ካለኝ ይህን አለማንሳቱ ነው፤ የሽሮው ግራም አይደለም።

የከዚራ ዛፍ፦
አባቴ ሜትፎርሚን ነው የሚወስደው።

ነርስ ከሳቢያን፦
እንግዲያው ቪታሚን ቢ12ም ይታይለት። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ሊቀንስ ይችላል፤ ከእህልና ከአትክልት ደግሞ አይገኝም። እግሩን ያቃጥለዋል? ይደነዝዘዋል?

የከዚራ ዛፍ፦
ማታ ማታ እግሬ ተቃጠለ ይላል። የሙቀቱ መስሎን ነበር። ሳህን ላይ ውኃ አድርገን ነው የምናስቀምጥለት።

ነርስ ከሳቢያን፦
ሰኞ ይዘኸው ና። ከስኳሩ ሊሆን ይችላል፣ ከቢ12 ሊሆን ይችላል። በግምት አይለይም፤ ይመረመራል።

የገንደቆሬ ልጅ፦
እሺ፣ አባትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ግን ሽሮን ሌባ ያልከውን አልረሳሁትም።

የከዚራ ዛፍ፦
ሌባ ያልኩት ካርቦሃይድሬቱን ነው።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ሽሮው ውስጥ ነዋ ያለው! ሌባ የሚያሳድር ቤት ምን ይባላል?

ሥጋ የማትበላዋ፦
አሁን ደግሞ ሽሮን ልትከሱት ነው? ሽሮ ላይ ለውዝ ፈጭታችሁ ብትጨምሩ፣ ከአተሩ ሲሶውን በአኩሪ አተር ብትተኩ ክርክሩ በከፊል ያልቅ ነበር። እናቴ በጾም የለውዝ ሽሮ ትሠራለች። በትንሽ እንጀራ ነው የሚበላው፤ ከባድ ነው።

የገንደቆሬ ልጅ፦
አኩሪ አተር ያለበት ሽሮ ሽታውን ታውቂዋለሽ? ሽሮ ነው ብሎ የሚያቀርብልኝ ሰው ምሎ ያቅርብ።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ሽታው ቀድሞ ካልተቀቀለና በደንብ ካልተቆላ ነው። ጥሬውን መቀቀሉ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፣ እሳት ነው የሚያጠፋው። ገበያ ላይ በተፈጨ ሽሮ ውስጥ የሚደባለቀው ጓያ ነው የሚያሰጋኝ። እሱም ፕሮቲን ሞልቶታል፤ ብዙ ጊዜ አብዝቶ የበላው ግን እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። ፕሮቲን ስለበዛ ብቻ…

የጁገል ሰው፦
ስለዚህ ለውዝ።

የገንደቆሬ ልጅ፦
አቦ፣ ይህ ሰው ለውዝ ሊሸጥልን ነው የገባው!

የጁገል ሰው፦
ብሸጥስ? አውራ ጣቴን ጣሳ ውስጥ አልከትም።

ጡረተኛው፦
አድራሻህን ላክልኝ።

ለገሀሬ፦
የከዚራው ወንድሜ፣ ያ ወርቅ ቤት አሁንም ይመዝናል? ሚስቴ የምትሠራው ሽሮ የአንድ ሰው ይሁን የሦስት ሰው ልናጣራ ፈልገን ነበር።

የከዚራ ዛፍ፦
ትናንት የዱባ ፍሬ ይዤ ሄጄ መለሰኝ። ሳህኗ በርበሬ በርበሬ ሸትታ አንዲት ሙሽራ ቀለበቷን አሽትታ መለሰችለት ይላል። ሽሮዬ ነጭ ነው ብለው ሊያምነኝ አልቻለም።

የገንደቆሬ ልጅ፦
ነጭ ሽሮ? ይኸው፣ ገና ከጅምሩ ሽሮ አልነበረም የመዘነው!