18 ኢንች ቸርኬ ኮሮላ ላይ ይገባል? ብሎኑ ገጥሟል፣ ሌላው ግን ግራ ገብቶኛል

ነጭ_ኮሮላ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር ላማክራችሁ። መኪናዬ ኮሮላ ነው፣ ያለበት ቸርኬ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ጎማው 205/55 አር 16፣ ቸርኬው ጀርባ ላይ ደግሞ 6.5 ጄ (ወርዱ በኢንች) እና ኢቲ 45 የሚል ተጽፎበታል። አሁን በጣም የሚያምር ባለ 18 ኢንች አሉሚኒየም ቸርኬ አግኝቻለሁ፤ ወርዱ 8 ጄ፣ ኢቲ 35፣ የመሃል ቀዳዳው 73.1 ሚሊሜትር። ሻጩ «5 ብሎን ነው፣ 114.3 ነው፣ ያንተም 114.3 ነው፣ በቃ ይገባል» ነው የሚለኝ (114.3 ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት በሚሊሜትር ነው)። ቸርኬውን ወድጄዋለሁ፣ ግን መሪ እስከ ጥግ ስጠመዝዝ ይነካ ይሆን? የፍጥነት መቁጠሪያውስ አይዛባም? ጎማውስ ስንት ይሁን? ልጆች የማመላልስበት መኪና ስለሆነ ከማማሩ ይልቅ ደህንነቱ ነው የሚያሳስበኝ።

የጎማ_ሰው፦
ወንድሜ፣ ብሎን ገጠመ ማለት ቸርኬው ገጠመ ማለት አይደለም። 114.3 እኮ ቶዮታም፣ ሆንዳም፣ ኒሳንም፣ ሀዩንዳይም የሚጠቀሙበት ልክ ነው። ያ ሁሉ ቸርኬ አንዱ ከሌላው ጋር ይገባል ማለት ግን አይደለም።

ያንተ ዋና ጉዳይ ኢቲው ነው። ኢቲ ማለት ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲቀንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲጨምር ወደ ውስጥ ይገባል። ወርዱን ለብቻው፣ ኢቲውን ለብቻው አትይ፤ አብረው ነው የሚሠሩት።

እስኪ እናስላው። 6.5 ኢንች ወርድ ግማሹ 82.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። ከዚያ ላይ 45 ስትቀንስ ቸርኬህ አሁን ከሞዞው ፊት ወደ ውጭ የሚወጣው 37.5 ነው፤ 45 ስትደምር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚገባው 127.5 ነው። አዲሱ 8 ኢንች ነው፣ ግማሹ 101.6። 35 ስትቀንስ ወደ ውጭ 66.6፣ ስትደምር ወደ ውስጥ 136.6። ስለዚህ ወደ ውጭ 29 ሚሊሜትር፣ ወደ ውስጥ 9 ሚሊሜትር ጨመረ ማለት ነው። 29 ሚሊሜትር ወደ ሦስት ሳንቲሜትር ነው! ቀጥ ብለህ ስትነዳ ላይታይ ይችላል። ሰው ጭነህ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞላው ሲጨመቅ ግን ጎማው የፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን ቆርቆሮ) ጠርዝ የመፍቃት ዕድሉ ሰፊ ነው። በተጨማሪም ቸርኬው እንዲህ ወደ ውጭ ሲወጣ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እጅህን ይስባል። እኔ ብሆን አላስገባውም።

ማርሽ5፦
የፓራፋንጎው ጠርዝ በማሽን ሲታጠፍ እኮ ቦታ ይገኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ አድርጎ ነው የሚነዳው። 18 ኢንች ኮሮላ ላይ በጣም ነው የሚያምረው።

የጎማ_ሰው፦
@ማርሽ5 ይታጠፋል፣ አልካድኩም። ግን ጠርዙ ሲታጠፍ ቀለሙ ከተሰነጠቀ በዚያው በኩል ዝገት ይጀምራል። ልጆች ለሚያመላልስ ሰው ደግሞ አካሉን ለቸርኬው ከማስተካከል ይልቅ ለአካሉ የሚሆን ቸርኬ መፈለግ ነው የሚሻለው። 18 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካለ እንኳ 7.5 ጄ፣ ኢቲ 45 ይፈልግ። እሱ በሁለቱም በኩል ወደ 13 ሚሊሜትር ነው የሚጨምረው። ያኔም ቢሆን ውስጥ በኩል ጎማውና ሾክ አብዞርበሩ መሃል ያለውን ክፍተት አስቀድሞ ለክቶ ነው።

ዳዶ_እና_ብሎን፦
እኔ ስለ መሃል ቀዳዳውና ስለ ዳዶው ልጨምር፣ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

114.3 ያለው ኮሮላ ሞዞው 60.1 ሚሊሜትር ነው። የምትገዛው ቸርኬ 73.1 ነው፣ 13 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። አይገጥምም ማለት አይደለም፤ ብዙ መኪና ላይ እንዲሆን ብለው አስፍተው ነው የሚሠሩት። ግን ከውጭ 73.1፣ ከውስጥ 60.1 የሆነ የመሃል ቀለበት አስገባበት። ሾጣጣ ዳዶም ራሱ ቸርኬውን ወደ መሃል ያመጣዋል የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አንዱን ብሎን ቀድመህ ካጠበቅከው ቸርኬው ትንሽ ወደ ጎን ተቀምጦ ይቀራል፣ ከዚያ 80 እና 100 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባላንስ ብታሠራም አይለቅህም። ቀለበቱ ትንሽ ዕቃ ናት፣ ከዚህ ሁሉ ታድንሃለች። የቸርኬው ቀዳዳ ከሞዞው ከጠበበ ግን ጨርሶ አይገባም፣ በሞረድ ላስፋው የሚልህን ሰው አትስማ።

ዳዶው ላይ ደግሞ በደንብ ተጠንቀቅ። ብዙ የቶዮታ የፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶው ጠፍጣፋ መቀመጫና ሮንዴላ ያለው ነው። ከውጭ የሚገዛው ቸርኬ ግን በአብዛኛው 60 ዲግሪ ሾጣጣ ነው የሚፈልገው። የድሮውን ዳዶ አዲሱ ቸርኬ ላይ ብታጠብቀው የጠበቀ ይመስልሃል፤ ግን የሚነካው በቀጭን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ እየነዳህ ይላላል። አንዱን ዳዶ ፍታና ከሥሩ እየው፣ ከዚያ የቸርኬውን ቀዳዳ በጣትህ ዳስሰው፣ ሾጣጣ ይሁን ጠፍጣፋ ወዲያው ይታወቅሃል። የዳዶው ጥርስ ለቶዮታ 12×1.5 ነው (ስፋቱ 12 ሚሊሜትር፣ በጥርሶቹ መሃል ያለው ርቀት 1.5)። የኒሳን 12×1.25 ስለሆነ ተመሳስሎብህ እንዳትገዛ።

ሲታሰር በኮከብ ቅርጽ ተራ በተራ፣ መጨረሻ ላይ በቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር። ከ100 ኪሎሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይፈተሽ።

ቀስ_በል፦
ጎማውን በተመለከተ። 205/55 አር 16 ማለት ወርዱ 205 ሚሊሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 55 ፐርሰንት፣ ቸርኬው 16 ኢንች ማለት ነው፤ ሙሉ ቁመቱ 632 ሚሊሜትር ነው። ቸርኬው ሲያድግ የጎማው ጎን ማነስ አለበት፣ ጠቅላላ ቁመቱ ከ3 ፐርሰንት በላይ እንዳይለወጥ። 225/40 አር 18 ብታደርግ 637 ይመጣል፣ ልዩነቱ 1 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም፣ መቁጠሪያህ አይዛባም። 215/45 አር 17 ደግሞ 625 ነው፣ እሱም ደህና ነው። ግን አንዱ ተነስቶ «205/55ቱን ያዝና በ17 አድርገው» ቢልህ 657 ይሆናል፣ 4 ፐርሰንት። መቁጠሪያው 100 ሲልህ አንተ 104 ላይ ነህ።

ከቁመቱ የበለጠ ግን የክብደት ቁጥሩን (ጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ የሚጻፈውን) እይ። አሁን ያለህ ጎማ 91 የሚል ከሆነ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 225/40 አር 18 ስትፈልግ 88 የሚልም ታገኛለህ፣ እሱ 560 ኪሎ ነው፣ ከፋብሪካው ያነሰ ነው ማለት ነው። ኤክስኤል (የተጠናከረ ጎማ) ተብሎ 92 ያለበትን ያዝ፣ 630 ኪሎ ይችላል። 215/45 አር 17ም እንደዚሁ ነው፤ ተራው 87፣ ኤክስኤሉ 91። ኤክስኤል ያን ጭነት የሚችለው ከፍ ያለ ንፋስ ሲኖረው ስለሆነ ንፋሱን በድሮው ልክ አትሙላ።

የጎኑን ነገርም አስብበት። የ16ቱ ጎማ ጎን 113 ሚሊሜትር ነው፣ የ18ቱ 90። ጉድጓድ ስትገባ ቸርኬውን የሚያድንልህ ያ ጎን ነው። መንገድህ ጉድጓድ የበዛበት ከሆነ በእኔ እምነት 17 ላይ ማቆም ነው የሚሻለው።

ነጭ_ኮሮላ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጣችሁ። 18ቱን ተውኩት። አንድ ባለ 17 አለ፣ 7 ጄ፣ ኢቲ 45፣ ብሎኑ ያው 114.3። ችግሩ ያገለገለ ነው፣ ጎማውም አብሮት አለ። ምን ምን ልይ?

የጎማ_ሰው፦
ይሄማ ጥሩ ነው፣ በሁለቱም በኩል 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። ፊቱን አትይ፣ ፊቱ ቀለም ይቀባል። ገልብጠህ የውስጥ ጠርዙን እይ። የተበየደ ወይም የስንጥቅ መስመር ያለበትን ትተህ ሂድ። ጎማ ቤት ሄደህ ጎማው ወልቆ ባዶው ቸርኬ ባላንስ ማሽን ላይ ይሽከርከርልህ፤ ጠርዙ ወደ ላይና ወደ ታች ከዘለለ ጎብጧል። ጀርባው ላይ የሚችለው ክብደት የተጻፈበት ከሆነ እሱንም አንብብ።

ጎማው ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ካረጀና ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካየህ ጎማውን ሳትቆጥር በቸርኬው ብቻ ተደራደር።

ከመክፈልህ በፊት አንዱን ባዶ ቸርኬ የፊት ሞዞ ላይ አስረህ በእጅህ አዙረው። ከፍሬን ካሊፐሩ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ከዚያ ከነጎማው ታስሮ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ ጥግ አዙር፣ ከኋላ ሰዎች ተቀምጠውም ሞክረው።